ናሙናው ሠራ፣ ምርቱስ?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሃርድዌር ስታርትአፕ ነው። መተግበሪያ አይደለም፣ ድረ ገጽ አይደለም። በእጅ የሚያዝ፣ ሲወድቅ የሚሰበር፣ በካርቶን ታሽጎ ገዢው ደጅ ድረስ የሚሄድ ዕቃ። እንዲህ ያለ ዕቃ ፈጥረው ለመሸጥ የተነሱ ሰዎች የት ላይ ነው የሚወድቁት? ብዙ ሰው "ሐሳቡ ላይ" ይላል። አይደለም። ሐሳብ ሞልቷል፤ ናሙና መሥራትም ዛሬ ከበፊቱ በጣም ቀሏል። የሚወድቁት ናሙናው ሠርቶ፣ ሰው ሁሉ ካጨበጨበ በኋላ ነው። ካጨበጨበ በኋላ! ይህቺን ያዙልኝ።

ፔብል የሚባለውን የእጅ ሰዓት እንይ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ2012 ኤሪክ ሚጂኮቭስኪ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የእጅ ሰዓት ይዞ ኪክስታርተር ላይ ወጣ፤ ኪክስታርተር ዕቃው ሳይመረት ሰዎች ቀድመው የሚከፍሉበት ድረ ገጽ ነው። የጠየቀው 100 ሺህ ዶላር ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞላለት። ዘመቻው ሲዘጋ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል፣ ወደ 69 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገንዘቡን ሰጥቷል። እሰይ ነው፣ አይደል? ግን ሰዓቱ ይላካል የተባለው በሴፕቴምበር 2012 ነበር፤ መላክ የጀመረው በጃንዋሪ 2013 ነው። ሰዓቱን የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። ጥቂት የእጅ ሰዓቶች ሠርቶ ማሳየትና 69 ሺህ ሰው የሚጠብቀውን ሰዓት ማምረት ለየቅል ሥራ ስለሆነ ነው።

ለየቅል የሆነው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ የማህተም ምሳሌዬን ላውጣ። የቆያችሁ ተመልካቾች "መጣች ማህተሟ!" ስትሉ ይሰማኛል። ትምጣ! እወዳታለሁ፣ ከእሷ የተሻለ ማስረጃም አላገኘሁም።

አንድ ደብዳቤ በእጃችሁ ጻፋችሁ እንበል። ከግርጌው ስማችሁን በእስክሪብቶ አሰፈራችሁ። ፊደል ብትስቱ? ትሰርዛላችሁ። ካላማራችሁ ወረቀቱን ቀዳችሁ ሌላ ትጀምራላችሁ። የጠፋው አንድ ወረቀት ነው። ናሙና ማለት ይሄ ነው። ስሪዲ ፕሪንተር ላይ አትማችሁ፣ አይታችሁ፣ ጥላችሁ፣ ነገ ሌላ።

አሁን ደግሞ አሥር ሺህ ደብዳቤ ይጠብቃችኋል። በእጅ አይሞከርም። ስለዚህ ማህተም ታስቀርጻላችሁ። ቀራጩ ጋ ሄዳችሁ ጽሑፉን ትሰጣላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ልብ በሉ፤ እስካሁን አንድ ደብዳቤ እንኳ አልታተመም፣ ገንዘቡ ግን ወጥቷል። ደግሞ ቀራጩ ፊደሉን የሚቀርጸው ገልብጦ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ እንዲቃና። ስለዚህ ማህተሙን ራሱን አገላብጣችሁ ብታዩት ስሕተቱ ቶሎ አይታያችሁም። ማተም አለባችሁ። አተማችሁ፤ ከስማችሁ አንድ ፊደል ጎድሏል። አሁን ምን ይደረጋል? እስክሪብቶ አያድናችሁም። ያቺ የጎደለች ፊደል አሥር ሺውም ደብዳቤ ላይ ትጎድላለች።

ቀራጭ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ የማህተሟ ዋና ነገር እሱ ነው። መፋቅ ይቻላል፣ የተፋቀውን መመለስ ግን አይቻልም። ትንሽ የተረፈ ካለ ይፋቃል። ከልክ በላይ ከተፋቀ ግን ማህተሙ ይጣላል፣ ሌላ ይቀረጻል። ብልህ ቀራጭ ታዲያ ሁልጊዜ ትንሽ አስተርፎ ነው የሚጀምረው።

ፋብሪካ ውስጥ ማህተሟ ሞልድ ትባላለች። በውስጡ የዕቃችሁ ቅርጽ የተቦረቦረበት የብረት ብሎክ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ይገባበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሞልዱ ይከፈታል፣ ዕቃው ይወጣል። ሞልዱን ለማሠራት እንደ መጠኑና እንደ ውስብስብነቱ ከጥቂት ሺህ ዶላር እስከ አሥርና መቶ ሺዎች ይጠየቃል፤ ተሠርቶ እስኪያልቅም ሳምንታት ይፈጃል። እዚህም ብረት መፋቅ ይቻላል፤ ብረቱ ሲፋቅ ፕላስቲኩ ይወፍራል። ፕላስቲኩን ላሳሳው ብትሉ ግን ብረት መጨመር ነው፤ ብረት መጨመር ደግሞ ወይ በብየዳ ሞልቶ እንደገና መቅረጽ ነው፣ ወይ ያንን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት።

አንድ አዝራር እንውሰድ። አንዲት ትንሽ አዝራር። ናሙናው ላይ ስትጫኗት "ቀጭ" ትላለች፣ ደስ ትላለች። ከሞልድ የወጣችው ግን ክፍተቷ ውስጥ ላልታ ትንገጫገጫለች። ቀላል ነው፤ የአዝራሯን ሞልድ ጥቂት ፍቀው ያወፍሯታል። ጠብቃ ተቀርቅራ ብትቀርስ? መከራ! የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት አሥረኛ ሳምንታት ይበላችኋል። ለዚህ ነው ነገሩ የገባቸው ዲዛይነሮች አዝራሯን ሆን ብለው በፀጉር ያህል አሳንሰው የሚጀምሩት። እንዲህ የተሠራ ዲዛይን ሳይ እጅ እነሳለሁ።

የቀረውን ቴክኒክ በሩጫ ልለፈው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ዕቃው ከሞልዱ ሳይጫር እንዲወጣ ግድግዳው አንድ ሁለት ዲግሪ ዘንበል ይበል። ውፍረቱ ወጥ ይሁን፤ አንድ ቦታ ከወፈረ ሲቀዘቅዝ ይሰረጉዳል። ከዚያ ሦስት የፍተሻ ዙር አለ፦ ኢቪቲ፣ ዲቪቲ፣ ፒቪቲ። በኢቪቲ ዕቃው ይሠራል ወይ ይባላል። በዲቪቲ ሲወድቅ፣ ሲሞቅ፣ ሲረጥብም ይሠራል ወይ። በፒቪቲ ደግሞ ፋብሪካው በራሱ ሠራተኛና በራሱ ፍጥነት ሊያመርተው ይችላል ወይ። ብሉቱዝ ወይም ዋይፋይ ካለው አሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪዋን የኤፍሲሲን ፈቃድ፣ አውሮፓ ደግሞ ደንቧን ማሟላቱን የሚያሳየውን የሲኢን ምልክት ይጠይቃል። ሊቲየም ባትሪ ካለው ዩኤን 38.3 የሚባለውን የማጓጓዣ ፈተና ማለፍ አለበት። ይኸው፣ ጨረስኩ። ዙሮቹን አንድ በአንድ ያየንበት ቪዲዮ ቻናሉ ላይ አለ፤ እግረ መንገዳችሁን ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኩልኝ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ላልፍ ነበር፤ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ነገር አላሳልፍ አለኝ። "ፈታችሁ ብታዩት ውስጡ ያለው 20 ዶላር አይሞላም፤ 100 ዶላር የሚሸጡት ዝርፊያ ነው" ትላላችሁ። አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ባለፍኩት፤ ብዙ ናችሁ። እንግዲህ እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው።

ዕቃው መደብር ውስጥ 100 ዶላር ይሸጣል። ውስጡ ያለው 20። ገጣጥሞ ለመፈተሽ፣ ለሚበላሸውም ጭምር፣ 5። ካርቶን፣ መመሪያ፣ ገመድ፣ 3። ማጓጓዣና ቀረጥ 4። ተበላሽቶ ለሚመለሰውና ለዋስትና 3። ስንት መጣ? 35። 20 የነበረው 35 ሆነ፣ ገና መደብር አልገባም።

መደብሩስ? መደብሩ 100 ዶላር አይከፍላችሁም። ኪራይ አለው፣ ሠራተኛ አለው። 60 ይሰጣችኋል እንበል። ከ60 ላይ 35 ሲነሳ 25። ቆይ፣ ሞልዱንና የፈቃዱን ወጪ ረሳነው! ሁለቱ አንድ ላይ 100 ሺህ ዶላር ፈጁ፣ የተሸጠው ደግሞ 5 ሺህ ዕቃ ነው ብትሉ ለእያንዳንዱ 20 ዶላር ይደርሰዋል። ከ25 ላይ 20 ሲነሳ 5 ዶላር። 5 ዶላር በ5 ሺህ ሲባዛ 25 ሺህ። በዚህ 25 ሺህ ነው እንግዲህ የመሐንዲሶቹ ደመወዝ፣ ማስታወቂያው፣ ስልክ አንስቶ "እባክዎ አጥፍተው ያብሩት" የሚለው ልጅ ደመወዝ የሚሸፈነው። እስቲ ዝርፊያው የቱ ጋ ነው?

ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት ተመልካች ላይ ተቆጥቼ አይደለም፤ ጀማሪ መሥራቾችም ይህንኑ ስለሚያምኑ ነው። የውስጡን ዕቃ ዋጋ እጥፍ አድርገው "በቂ ነው" ይላሉ። በመደብር መሸጥ ከፈለጋችሁ እጥፍ አይበቃም፤ በምሳሌያችን አምስት እጥፍ ሆኖ እንኳ የተረፈው 5 ዶላር ነው። በእጥፍ ብቻ ከሸጣችሁ በእያንዳንዱ ሽያጭ እየከሰራችሁ ነው፤ ዕቃው በተወደደ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል።

ኩለስት ኩለርን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በ2014 ኪክስታርተር ላይ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሰባሰበው የበረዶ ሣጥን ነው። መፍጫ ያለው፣ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ። ከ62 ሺህ በላይ ሰው ቀድሞ ከፈለ። የከፈሉት ዋጋ ግን ዕቃውን ሠርቶ ለማድረስ አልበቃም። ኩባንያው ለማምረቻ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ቀድመው የከፈሉት ሰዎች ገና እየጠበቁ አማዞን ላይ በውድ መሸጥ ጀመረ። በ2019 መጨረሻ ተዘጋ፤ 20 ሺህ ገደማ ሰው ሣጥኑን ሳያይ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል። ዋጋው ለሕዝብ የተነገረው ወጪው በቅጡ ሳይታወቅ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የቅድመ ክፍያ ዘመቻ መከፈት ያለበት ዲቪቲ ካለቀ በኋላ ነው። የፋብሪካው ዋጋ በወረቀት እጃችሁ ላይ ሲሆን። "ያኔ ሌላ ሰው ይቀድመናል" የምትሉ አላችሁ። ይቅደማችሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እንግሊዛዊው ፈልሳፊ ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለው አቧራ መጥረጊያ ማሽኑን እስኪያስተካክል 5,127 ናሙና ሠርቷል። ወረቀቱ እስኪስተካከል እየቀደደ ነው የቆየው፤ ማህተሙን ከዚያ አስቀረጸ።

ዋጋውም ዲዛይኑም ልክ ቢሆን ደግሞ ጊዜው ይጠብቃችኋል። ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ሥራ ሳይጀምር 30 በመቶ ይቀበላል፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የቀረውን 70 በመቶ። ከዚያ ባሕር ላይ ሳምንታት፣ መጋዘን ውስጥ ሳምንታት። መደብሩ ከተረከበ በኋላ የሚከፍላችሁ በ30፣ በ60፣ አንዳንዴም በ90 ቀን ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ እስከ መጀመሪያው ገቢ ስድስት ወር ሊሄድ ይችላል። በመሐል መደብሩ ደውሎ "ዕቃችሁ አልቋል፣ እጥፍ ላኩ" ቢላችሁስ? የመጀመሪያው ገንዘብ ገና አልገባም፣ ፋብሪካው ግን 30 በመቶውን ዛሬ ይፈልጋል፤ ያውም የእጥፉን። ገበያ ደርቶላቸው የሚዘጉ ኩባንያዎች አሉ የምለው ለዚህ ነው። ትእዛዙን ይዞ ባንክ ሄዶ በእሱ መበደር፣ ከፋብሪካው ጋር ተደራድሮ ክፍያውን ማዘግየት፣ ወይ ደግሞ በራስ ድረ ገጽ ሸጦ ገንዘቡን በቀናት ውስጥ ማግኘት፤ መውጫ መንገዶቹ እነዚህ ናቸው። እኔ ለጀማሪ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ሽያጩ ቢያንስም ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል፣ ገዢው የሚያማርረውንም ከራሱ አፍ ትሰማላችሁ።

ሞልድ አሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ፕላስቲክ ሲወጣ ምን ተበላሽቶ አገኛችሁት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አንዱን መርጠን አብረን እንፈታታዋለን።