በባሕር ዳር ስለ ባሕር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፤

ሐይቃቸውን ባሕር፣ ከተማቸውንም ባሕር ዳር ብለው በሰየሙ ሰዎች መካከል ቆሜ ስለ ባሕር ውኃ መናገር በመቻሌ በጣም ደስ ብሎኛል።

ይህ በእጄ የያዝኩት ከአፋር የመጣ አሞሌ ጨው ነው። ልጅ ሳለሁ ላሞቻችን ሲልሱት አይ ነበር። ምንነቱ የገባኝ ግን ውጭ አገር፣ የውቅያኖስ ኬሚስትሪ ማስተርሴን በጀመርኩበት ሴሚስተር ነው። የቀይ ባሕር ውኃ በጥንት ዘመን ወደ ዳናክል ረባዳ መሬት እየገባ፣ መውጫ እያጣ ደርቋል። የባሕር ውኃ ሲተን መጀመሪያ የሚዘቅጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከዚያ የምንበላው ጨው። ፖታሲየምና ማግኒዥየም እስከ መጨረሻው ውኃው ውስጥ ይቆያሉ፤ የዳሎል ፖታሽም (የፖታሲየም ጨው) የመጣው ከዚያ ነው። መምህሬ ይህን ቅደም ተከተል ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ለእኔ የታዩኝ ጨው የጫኑት ግመሎች ነበሩ።

አጎቴ ግን «ወደብ እንኳ የለንም፤ ይሄን ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን የሚውጠው ውቅያኖስ ነው፤ ይህ ደግሞ ወደብ ያለውንም የሌለውንም ይመለከታል። በዚህም የተነሳ ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የላይኛው የውቅያኖስ ውኃ ፒኤች (ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ የሎጋሪዝም ሚዛን) ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ወርዷል። ሌላ ሰው «ይቺ ምን አላት?» ይላል። እናንተ ግን ሎጋሪዝም ታውቃላችሁ፤ የሃይድሮጅን አዮን ከሩብ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። ኮራልና ዛጎል ሠሪ እንስሳት የሚፈልጉት ካርቦኔት በአንጻሩ ይቀንሳል። ይህን ለውጥ በእርግጠኝነት የምናውቀው በሃዋይ አጠገብ ከ1988 ጀምሮ በየወሩ ገደማ እየሄዱ ውኃ የሚቀዱና የሚለኩ ሰዎች ስላሉ ነው።

የዚህ ትምህርት ልቡ መለካት ነው። ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ካመጣችው ውኃ ዲትማር የተባለ ኬሚስት 77 ናሙና መረመረ። ጨዉ ከቦታ ቦታ ቢበዛም ቢያንስም፣ የዋና ዋናዎቹ አዮኖች ምጥጥን አንድ ዓይነት መሆኑን አሳየ። ውኃው ውስጥ የሟሟው ብረት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በብዙ ቦታ በላይኛው ውኃ በሊትር ከ1 ናኖሞል (የሞል አንድ ቢሊዮንኛ) በታች ነው፤ የምትቀዱበት መርከብ ደግሞ ራሱ ብረት ነው! ከ1970ዎቹ በፊት ከተመዘገቡት የብረታ ብረት ቁጥሮች አብዛኞቹ የመርከቡና የዕቃው ብክለት ነበሩ።

የራሴን ልንገራችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከ3,000 ሜትር ጥልቀት የተቀዳ ውኃ መርከቡ ላይ ደረሰ። ጋዝ ከአየር ጋር እንዳይቀላቀል መጀመሪያ ከሚቀዱት አንዱ የኦክስጅን ናሙና ነው። ቱቦውን እስከ ብልቃጡ ታች ታስገባላችሁ፣ ውኃው ሞልቶ እንዲፈስ ትተዋላችሁ፣ ማንጋኒዝና አልካሊ አዮዳይድ ትጨምራላችሁ፣ ትከድናላችሁ፣ ትንጣላችሁ። ኦክስጅን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ከሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ ቸኩዬ ስከድን አንዲት የአየር አረፋ ውስጥ ቀረች። የሽምብራ ፍሬ አታክልም። ናሙናው ተበላሸ፤ መርከቡም ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ጉዞ ጀምሮ ነበር። ያን ሌሊት አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ ሳልገለብጥ፣ አረፋ ሳልፈልግ አላልፍም።

ይህ ውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን የሚለካበት የዊንክለር ዘዴ ነው፤ ከ1888 ጀምሮ አለ። እዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከምትሠሩት ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ መፍትሔ በጠብታ እየጨመሩ መለካት) ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በውቅያኖስ ኬሚስትሪ ለድኅረ ምረቃ ለማመልከት የውቅያኖስ ዲግሪ አያስፈልጋችሁም፤ ከኬሚስትሪ የሚመጣ ተማሪ እንግዳ አይደለም። አናሊቲካልና ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ በርቱ፤ ሒሳብ አትሽሹ፤ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ከአሁኑ ልመዱ። አሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለፒኤችዲ ተማሪ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የወር አበል ይሰጣል፤ በቢኤስሲ ብቻ በቀጥታ የሚገባም አለ። ከማመልከታችሁ በፊት ግን አማካሪ ሊሆናችሁ ለሚችል ፕሮፌሰር ጻፉ፤ ሥራውን አንብባችሁ፣ ከሥራው የተነሳ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዛችሁ ጻፉ። «ማንኛውንም ነገር ማጥናት እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

ዛሬ ማለዳ ከጣና ውኃ ቀድቻለሁ። ማንጋኒዙ ገብቷል፣ ዝቃጩም ቡናማ ሆኖ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ልኬቱን የሚጨርሱትን አሲዱንና ታዮሰልፌቱን ከምሳ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ እናንተ ትጨምራላችሁ።