ስጦታ ሲሸጥ፦ የፎክስሊስ ካምፕ ነገር

ሰሎሞን፦ ባለፈው ሳምንት ቀረጻው ካለቀ በኋላ በሻይ ሰዓት ያነሣሽልኝን ወሬ ዛሬ ሳትጨርሺልኝ አልለቅሽም። ስለዚያ የእንግሊዝ ካምፕ።

ትዕግሥት፦ ፎክስሊስ፣ የሴቶች ስካውቶች ካምፕ። ለአድማጮቻችን አስቀድሜ ልናገር፤ ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቦታው ደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር፣ ሊንድኸርስት የምትባል መንደር አጠገብ ነው። አካባቢው ኒው ፎረስት ይባላል፤ «አዲሱ ጫካ» እንደ ማለት። አዲስ ከተባለ እንግዲህ ከ900 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሰሎሞን፦ አዲስ አበባም እኮ አዲስ መባሏን አልተወችም።

ትዕግሥት፦ እዚያ ፈረሶች በመንገዱ ላይ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ፣ መኪናው ነው ቆሞ የሚያሳልፋቸው። ጌታ የሌላቸው ይመስላሉ፤ ግን ባለቤት አላቸው። በጫካው የማሰማራት መብት ከጥንት ጀምሮ የተጠበቀላቸው ሰዎች ናቸው የሚያረቧቸው። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከሴቶች ስካውት ጓደኞቿ ጋር ሄደች። ያኔ እናቴ ለንደን መጥታ ነበር። «ቤት እያላት ምን በወጣት ድንኳን ውስጥ የምታድረው?» ብላ ተቆጣች። አልሆን ሲላት ሻንጣውን ዳቦ ቆሎ ሞላችበት።

ሰሎሞን፦ ዳቦ ቆሎውን ማን በላው?

ትዕግሥት፦ ድንኳኑ በሙሉ! የተመለሰችው ጭስ ጭስ እየሸተተች፣ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ፣ ድምጿ በዘፈን ብዛት ተዘግቶ ነው። ለአንድ ወር ወሬዋ ሁሉ ፈረስና እሳት ነበር።

ሰሎሞን፦ እና ተዘጋ።

ትዕግሥት፦ በ2023 ግንቦት የብሪታንያ የሴቶች ስካውት ማኅበር፣ ገርልጋይዲንግ፣ አምስት የካምፕ ማእከሎቹን በሙሉ ሊሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። ፎክስሊስ፣ ዋዶ ሆል፣ ብላክላንድ ፋርም፣ ግሌንብሩክ፣ ኢኒስጌይን። ፎክስሊስ መቶኛ ዓመቱን ያከበረው ገና በ2022 ነበር። ለልደቱ ሻማ አብርተውለት በዓመቱ ለገበያ አወጡት።

ሰሎሞን፦ ምክንያታቸውንም እንስማ እንጂ። ወደ ማእከሎቹ በዓመት የሚሄደው ከአባላቱ አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው ብለዋል። አሮጌ ቤት ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ አይጠይቅሽም፤ ያስከፍልሻል። ሰሜን ስኮትላንድ ያለች ልጅ የምትከፍለው መዋጮ እሷ ለማታየው ቤት ጣሪያ ማሠሪያ ለምን ይሁን?

ትዕግሥት፦ ይህን ክርክር አልንቀውም። ግን የሚሸጡት የገዙትን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ፎክስሊስ ስጦታ ነው። ቤቱንና 26 ሄክታር የሚያህለውን ቦታ በ1922 የሰጠቻቸው አን አርክቦልድ የምትባል አሜሪካዊት ናት። አባቷ በስታንዳርድ ኦይል የነዳጅ ኩባንያ ከመሥራቹ ከባለጸጋው ሮክፌለር ጎን የነበረ ሰው ነው። ትዳሯ ሲፈርስ ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ቤቱን ለልጃገረዶቹ ሰጠች።

ሰሎሞን፦ ቤት የሰጠ ሰው ማስተዳደሪያውንም ካልሰጠ ግን ሸክም ነው የሰጠው።

ትዕግሥት፦ እነሱም ይኸው ጨንቋቸው ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሜሪ ተዳረች። በግዛቱ ሁሉ ያሉ ሜሪ የሚባሉ ሴቶች ለስመ ሞክሼያቸው የሠርግ ገንዘብ አዋጡ፤ ልዕልቲቱ ከዚያ ላይ 6,000 ፓውንድ ለፎክስሊስ ሰጠች።

ሰሎሞን፦ የሜሪዎች ማኅበር! ጠበልና ጠዲቅ ብቻ ነው የጎደለው።

ትዕግሥት፦ በ1924 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የልጃገረዶች ካምፕ የተደረገው እዚያ ነው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ልጃገረዶች ከየአገሩ መጥተው ድንኳን ተክለዋል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ሰሎሞን፦ አሜሪካም የስካውት ካምፖች እየተሸጡ ነው፤ ለዚያ የሚጮህ ግን አልሰማሁም።

ትዕግሥት፦ ያ ሌላ ነው። የአሜሪካ ቦይ ስካውት በ2020 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት የገባው በልጅነታቸው በተደፈሩ ሰዎች ክስ ነው፤ ከ82,000 በላይ ሰው ጥያቄ አቅርቧል። የካሳው ስምምነት 2.46 ቢሊዮን ዶላር ነው። ያንን ለመክፈል መሬት ቢሸጥ አፌን አልከፍትም፤ የተበደለ ሰው ከዛፍ ይቀድማል። የእንግሊዞቹ ግን ዕዳ አይደለም፤ ምርጫ ነው።

ሰሎሞን፦ ሰጪዋ በሕይወት ብትኖርስ ምን የምትል ይመስልሻል?

ትዕግሥት፦ መገመት አያስፈልግም። ዋሽንግተን ያሉ አድማጮቻችን ግሎቨር አርክቦልድ ፓርክን ያውቁታል፤ ብዙዎቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት የምትራመዱበት ነው። አርክቦልድ የተባለችው ይህችው ሴት ናት! ፎክስሊስን በሰጠች በሁለተኛ ዓመቷ ለዋሽንግተን 11 ሄክታር የሚሆን መሬት ለመናፈሻ ሰጠች። በኋላ ከተማው በመናፈሻው መሃል አውራ ጎዳና ሊዘረጋበት ሲያስብ ከተቃወሙት አንዷ እሷ ነበረች። መንገዱ አልተሠራም።

ሰሎሞን፦ ይህንን እስካሁን ደብቀሽ ነው የምትከራከሪኝ?

ትዕግሥት፦ ጥሩ ወጥ መጨረሻ ላይ ነው ቅመሙ የሚገባው።

ሰሎሞን፦ እሺ፣ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ጣሪያውን ማን ያሠራል የሚለው ጥያቄዬ ግን አሁንም አልተመለሰም።

ትዕግሥት፦ አልተመለሰም። ሜሪዎቹን እንደገና መሰብሰብ ነው።

ሰሎሞን፦ የእህትሽ ልጅስ ሰማች?

ትዕግሥት፦ ዘንድሮ 19 ዓመቷ ነው። ስነግራት ብዙ አልተናገረችም። እነዚያ ልጃገረዶች እሳት ዳር የሚደርቡት ብርድ ልብስ አላቸው፤ የሄዱበትን ካምፕ ሁሉ ዓርማ ይሰፉበታል። ተነሥታ አወጣችው። የፎክስሊሱ ዓርማ ተጣሞ ነው የተሰፋው፤ በነጭ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር። እናቴ ናት የሰፋችላት፤ ያን ሰሞን መነጽሯን ረስታ ነበር የመጣችው።