አይላ ስንሄድ ፕሮግራሙን እናሳጥረው

እንደምን አመሻችሁ? ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ የለንደን ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አስተባባሪዎቻችን «ስኮትላንድ ከመሄዳችን በፊት ስለ ውስኪው ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከዚያ የጉዞውን ፕሮግራም ላኩልኝ። በሁለት ቀን ስምንት የውስኪ ፋብሪካ ይላል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን ቁጥር ላስቀንሳችሁ ነው። ስምንቱን ወደ ሁለት ካወረዳችሁልኝ ንግግሬ ሠርቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። አይላ ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። ነዋሪዋ ሦስት ሺህ ገደማ ነው። ፋብሪካዎቿ ደግሞ አሥር ገደማ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ቦሞር በ1779 ተመሠረተ። ላፍሮይግና አርድቤግ በ1815፣ ላጋቩሊን በ1816። ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቴዎድሮስ ሳይወለዱ በፊት ጋኑ እሳት ላይ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጭሱ ልግባ። የአይላን ውስኪ አይላ ያሰኘው ጭሱ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ደሴቷ ላይ ዛፍ እምብዛም የለም። ሰዉ ሲያነድ የኖረው ፒት የሚሉትን ነገር ነው። ረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ በደንብ ያልበሰበሰ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። ተቆርጦ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይነዳል። ገብሱ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ ብቅሉን ለማድረቅ ከሥሩ ይህን ፒት ያጨሱበታል። ጭሱ ብቅሉ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብቅሉ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በእርሾ ይፈላል። ስምንት በመቶ ገደማ አልኮል ያለው፣ ቢራ መሰል ነገር ይሆናል። እሱ እንደ አረቄ በመዳብ ጋን ይወጣል፤ የወጣው እንደገና ይወጣል። እንደ ዳግም አረቄ ነው። ሁለተኛው ጋን ሲጨርስ አልኮሉ ሰባ በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይተኛል። ይህ ሁሉ አልፎም ያ ጭስ አይለቅም።

እንግሊዛውያን ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ሲያሸቱት ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» የሚል አለ። «አዮዲን ነው» የሚልም አለ። እኛ ግን በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን ጓዳችን ውስጥ ሲቀመጥ ያየን ሰዎች ነን። ጠላውን ያልጠጣም ቢሆን ሽታውን ያውቀዋል። ጭስ መጠጥ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ስለዚህ አስጎብኚው ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «ቫኒላ፣ የባሕር አረም፣ የተቀቀለ ፖም» ሲል ዝም ብላችሁ አንገት አትነቅንቁ። ለእናንተ በሶብላ ከሸተታችሁ «በሶብላ» በሉ። ዕጣን ከሸተታችሁ «ዕጣን» በሉ። እዚያ ቤት ስህተት የሚባል መልስ የለም።

ፕሮግራሙን ቀንሱ የምለው ለዚህ ነው። አፍንጫ ይደክማል። ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም ውስኪ «ያቃጥላል» ብቻ ነው የሚባለው። ስምንት ፋብሪካ ስትዞሩ ከሦስተኛው በኋላ የምትከፍሉት ለአውቶቡሱ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። የመጀመሪያው ቀን በእግር ይሁን። ከፖርት ኤለን መንደር ተነስቶ ላፍሮይግን፣ ላጋቩሊንን አልፎ አርድቤግ የሚደርስ የእግረኛ መንገድ አለ። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱንም ታያላችሁ፣ ነጭ ግድግዳቸው ባሕሩ ላይ ነው። ግን ገብታችሁ የምትጎበኙት አንዱን ብቻ ነው።

እኔ ላፍሮይግን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው መሬት ነው፤ ሐበሻ መሬት ሲባል ጆሮው ይቆማል። ፋብሪካው ከ1994 ጀምሮ ደንበኞቹን በአባልነት ይመዘግባል። ለእያንዳንዱም ሠላሳ ሳንቲ በሠላሳ ሳንቲ የምታህል መሬት ዕድሜ ልኩን በሊዝ ይሰጠዋል። ኪራዩን የሚከፍለው ደግሞ ፋብሪካው ነው፦ በዓመት አንድ መለኪያ ውስኪ፣ እዚያው ለሄደ ሰው። ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ረግረጉ ውስጥ ገብታችሁ ባንዲራ ትተክላላችሁ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይዞ መሄድ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ዛሬ ብንወስን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ቤሲ ዊሊያምሰን ናት። በ1934 ከግላስጎው ለአንድ በጋ የቢሮ ሥራ ልትሠራ መጣች። እዚያው ቀረች። የፋብሪካው ባለቤት በ1954 ሲሞት ፋብሪካውን ለእሷ ተወላት። ወንዶች በሞሉበት ሥራ እስከ 1972 ድረስ መራችው። አስጎብኚው ታሪኳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልፈው ቢሞክር እህቶቼ አትልቀቁት።

ሁለተኛው ቀን ቦሞር ነው። እዚያ ብቅሉ ዛሬም ወለል ላይ ተዘርግቶ በእንጨት አካፋ ይገለበጣል። ይህን ማድረግ ያልተዉት ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው። የበርሜል መጋዘኑ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በርሜሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያገለገሉ ናቸው። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን የሚሉት የአገሩ ውስኪ ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ አዲስ በርሜል ይቀመጥ ስለሚል፣ አሜሪካኖቹ የተጠቀሙበትን ይሸጣሉ፣ ስኮቶቹ ይገዛሉ። ከስፔን የሼሪ ወይን የነበረበትም ይመጣል። በየዓመቱ ሁለት በመቶ ገደማ ከበርሜሉ ይተናል። የመላእክት ድርሻ ይሉታል። አይላ ላይ መላእክቱ ተመችቷቸዋል።

ጋኖቹ ያሉበት ክፍል ስትገቡ በናስና በመስታወት የተሠራ የተቆለፈ ሣጥን ታያላችሁ። የሚወጣው አልኮል በእሱ ውስጥ ያልፋል። ድሮ ቁልፉ የነበረው በቀረጥ ሰብሳቢው እጅ ነው። ሠራተኛው በዓይኑ ያየዋል እንጂ አይነካውም! እዚያ ክፍል ስልካችሁን አጥፉ ሊሏችሁ ይችላሉ። የሚተነው አልኮል እሳት ሊይዝ ይችላልና አትከራከሩ።

ስለ ዕድሜና ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። ሰርግ ላይ ጠርሙሱን አዙሮ ቁጥሩን አይቶ የሚፈርድ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስኮች ለመባል ስኮትላንድ ውስጥ በኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መቀመጥና ቢያንስ አርባ በመቶ አልኮል መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ዓመት ምርጫ ነው። ጠርሙሱ ላይ 12 ከተጻፈ ውስጡ ካለው ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ጣፋጭ ነው ማለት አይደለም። ለእኔ ጭሱን ከወደዳችሁት ወጣቱ ይሻላል፤ በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ጭሱ ይለዝባል። ገንዘብም ይተርፋችኋል።

ብላክ ሌብል የምትወዱ ደግሞ አትፈሩ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ካል ኢላ የሚባለው የአይላ ፋብሪካ ውስኪ ጆኒ ዎከር ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ የምትመጣዋን ትንሽ ጭስ ስታውቋት ኖራችኋል።

ስትቀምሱ ብርጭቆውን አፍንጫችሁ ውስጥ አትክተቱት። ትንሽ ራቅ አድርጉ፣ አፋችሁን ከፈት አድርጉ። መጀመሪያ ጠብታ ብቻ፣ አፍ እንዲለምደው። ቀጥሎ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩና እንደገና አሽቱ፤ ሌላ ነገር ይወጣል። አምቦ ውሃ የለመዳችሁ፣ እዚያ ለሁለት ቀን እረፍት ስጡት። «በሞቴ፣ ድገም» መባባልም ለጊዜው ይቁም። ያልጠጣ ሰው አይጨቅጨቅ፤ አሽትቶ የሚመለስ ሰውም ጎብኚ ነው።

መኪና የምትነዱ በደንብ ስሙኝ። ስኮትላንድ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ለሾፌር የተፈቀደውን የአልኮል ገደብ ዝቅ አድርጋለች፤ በመቶ ሚሊ ሊትር ደም ሃምሳ ሚሊ ግራም አልኮል ነው። እንግሊዝ ሰማንያ ነው። እዚህ ያመለጠ እዚያ ይያዛል። የሚነዳ ሰው ምንም ባይቀምስ ይሻላል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሾፌሩን ድርሻ በትንሽ ጠርሙስ አድርገው ይሰጡታል፣ ማታ ማረፊያው ላይ ይቅመስ።

ወደ አይላ የሚሄደው መርከብ የሚነሳው ኬናክሬግ ከሚባል የስኮትላንድ ወደብ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ነፋስ ከበረታ ይሰረዛል። ስለዚህ የመመለሻ ቀናችንን ከሥራ መግቢያ ቀን ጋር አናጣብቀው። ግንቦት መጨረሻ ላይ የደሴቲቱ ፌስቲቫል አለ፤ ያኔ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ መስከረምን እመርጣለሁ፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ሁለት ፋብሪካ ወይስ ስምንት? እጃችሁን አውጡና እንቁጠር። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።