የማን ቤት ነው?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ስለጠፋሁ ይቅርታ። እህቴ ጋ ነበርኩ፤ እህቴ ጋ ስሄድ ምን ሆኜ እንደምመለስ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ስኮትላንድ፣ ብሌር ካስል ወሰደችኝ። ነጭ፣ ትልቅ ግንብ ነው። መግቢያው ላይ ግድግዳው በሙሉ ጠመንጃና ጎራዴ። አስጎብኚዋ ሸምገል ያሉ ሴትዮ ናቸው። «ዱኩ አሁን ፎቅ ላይ ናቸው?» አልኳቸው። ዱክ እንደ እኛ መስፍን ያለ ማዕረግ ነው። «የለም፣ ደቡብ አፍሪካ ናቸው።» «ለእረፍት?» «አይ፣ እዚያው ነው የሚኖሩት።»

ሳቅሁ። ፈገግ ማለት አይደለም፤ ያቺን ሳቄን። ወንድሜ ማሙሽ «የጄኔሬተር» የሚላትን። ሴትዮዋ አልሳቁም። እጃቸውን አጣምረው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግንቡ ባለቤት የነበሩት 10ኛው የአቶል ዱክ በፈረንጆቹ 1996 ሲሞቱ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ማዕረጉ የወንድ ዘር እየቆጠረ ሄዶ ሄዶ ደቡብ አፍሪካ ያሉ አንድ የሩቅ ዘመድ ላይ አረፈ። ጆን መሪ የሚባሉ የመሬት ቀያሽ። ግንቡና አብዛኛው መሬት ግን ለበጎ አድራጎት ትረስት ተሰጥቶ አልቋል። አስቡት፤ ዱክ ነህ፣ ማርኳስ ነህ፣ ኧርል ነህ፣ ቤቱ ግን ያንተ አይደለም። ወታደር ግን አለህ! ንግሥት ቪክቶሪያ በ1845 ሰንደቅ የሰጡት የግል ጦር ነው። ጆንም በየዓመቱ ከደቡብ አፍሪካ እየበረሩ መጥተው ሰልፉን ያዩ ነበር። በ2012 አረፉ፤ አሁን ልጃቸው ነው 12ኛው።

እና ምኑ ነው ያሳቀኝ? እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ቆይ፣ ሻርሎትን ሳልነግራችሁ። በ1746 ሎርድ ጆርጅ መሪ የሚባለው የዚሁ ቤት ልጅ ግንቡን ከቦ በመድፍ ደበደበው። የገዛ ወንድሙን ቤት! በእሳት የጋለ ጥይት ይተኩሳል፣ ውስጥ ያሉት በወጥ ቤት ጭልፋ እያነሱ ያበርዳሉ። ከዚያ ተሸነፈና ተሰደደ። በ1764 ወንድምየው ሲሞት የቀረችው ልጁ ሻርሎት ናት። ሴት ስለሆነች ዱክ መሆን አትችልም። ማን ሆነ? ባሏ። ባሏ ማነው? የአጎቷ ልጅ፣ የዚያ የመድፈኛው ልጅ! እኛ ጋ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ እነሱ አንድም አልቆጠሩ። እሷ የማን ደሴትን ወረሰች። የማን ደሴት? አዎ፣ የማን ደሴት። ስሙ ነው። በዓመቱ በ70,000 ፓውንድ ለዘውዱ ተሸጠ።

ይቅርታ፣ ቀልዷ ከመጣሁ ጀምሮ አፌ ላይ ናት።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ አባዬ። አያቴ ግራዝማች እንደነበሩ መስማት ሰልችቷችኋል። ግራዝማችነት ደግሞ በሹመት እንጂ በውርስ አይገኝም፤ አባዬም ያውቃል። ግን ሠርጌ ጥሪ ወረቀት ላይ «የግራዝማች» የምትለው ካልገባች ብሎ ማተሚያ ቤት ድረስ ሄዷል። ያኔም ስቄ ነበር። በዚያችው ሳቅ። እሱም... አልሳቀም። እንደዚያው እጁን አጣምሮ ነበር እንዴ? አሁን እየጨመርኩ ይሆናል።

ሳሎን ያለችው የአያቴ ፎቶ፣ ካባ ለብሰው ያሉባት፣ ለማሙሽ ናት ተብሏል። ማሙሽ ዳላስ ነው። ፎቶዋ ምን እንደምትመስል ብትጠይቁት አያውቅም። አቧራዋን የምጠርገው እኔ ነኝ። አልፈልጋትም ደግሞ። ማለቴ... ፍሬሟ ራሱ ተሰንጥቋል።

ግንቡ ፊት የተነሳሁትን ፎቶ እስካሁን ለአባዬ አላክሁለትም። ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። «የማን ቤት ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ...