ቀለበት ያለው ሌንስ

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የማኅበራችን አንጋፋ አባላት፣ ዛሬ የምትመረቁ ልጆቻችን፣

አዘጋጆቹ ስለ አዳዲስ ሌንሶች እንድናገር ጋብዘውኛልና ከዚያው እጀምራለሁ። ካኖን «አርኤፍ»፣ ኒኮን ደግሞ «ዜድ» የተሰኙትን የሌንስ መግጠሚያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ካወጡ ወዲህ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው ሚረርለስ ካሜራ ገበያውን ይዞታል፤ አዲስ ሌንስ ወጣ የሚል ወሬም ከጆሯችን አይጠፋም። እኔን ከዚህ ሁሉ ያስደሰተኝ አንድ ቁጥር ነው። በቀድሞዎቹ የኒኮን ካሜራዎች ሌንሱ ከሚገጠምበት ከንፈር እስከ ፊልሙ ወይም ብርሃኑን እስከሚቀበለው ሴንሰር ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በዜድ ካሜራዎች 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኗል። መስታወቱ ወጥቶ የተገኘው የ30.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት አሮጌውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ለሚያገናኝ አዳፕተር ስለሚበቃ፣ በየቤታችሁ ሳጥን ውስጥ አቧራ የጠጣው ሌንስ ትናንት በገዛችሁት ካሜራ ላይ ይሠራል። ለታይም ላፕስ ሠራተኛ፣ በየተወሰነ ጊዜ የተነሡ ፎቶዎችን ደርድሮ ፊልም ለሚያደርግ ሰው፣ ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም የምልበትን ምክንያት፣ በመስቀል ዋዜማ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ላስረዳችሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የደመራን በዓል በታይም ላፕስ እንድሠራለት አዘዘኝ፤ እኔም ለዚሁ ብዬ በብድር አዲስ ሰፊ ሌንስ ገዛሁ። መስከረም 16 ቀን ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሰገነት ላይ ትራይፖዴን ተክዬ፣ ንፋስ እንዳይነቀንቀው ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት አሰርሁበት። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ እያልሁ 1,260 ፎቶ አነሣሁ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሄድ 50 ሰከንድ ያህል ፊልም ይወጣዋል። መዘምራኑ በነጭ ልብሳቸው ሲገቡ፣ የቀሳውስቱ ጥላ ሲዞር፣ ደመናው ሲያጠላና ሲገልጥ አንዱም አላመለጠኝም። ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን አደባባዩ በሙሉ ሊቃጠል እንደ ደረሰ አምፖል ይርገበገባል። የምእመናኑ ነጠላ ቦግ ይላል፣ ወዲያው ይደበዝዛል፣ መልሶ ቦግ ይላል። ደመራው ሲለኮስ ብርሃን አንሶኝ ሌንሱን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 2.8፣ ከፍቼ ያነሣሁት የመጨረሻው ክፍል ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ። ድርጅቱ ሥራውን አልተቀበለኝም፤ የዚያ ዓመት ደመራ ደግሞ ሁለተኛ አይነድድም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይተው «ብሌኑ ነው» አሉኝ። አዲሱ ሌንስ በፎቶና በፎቶ መካከል ብሌኑን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ ይከፍታል፤ ፎቶው ሊነሣ ሲል በካሜራው ትእዛዝ በትንሽ ሞተር መልሶ ያጠበዋል። የአፐርቸሩ ምላሶች ሁልጊዜ አንዲት ነጥብ ላይ አይቆሙም፤ በጣም በጥቂቱ ይለያያሉ። ለነጠላ ፎቶ ይህ ምንም አይደለም፣ ሌንሱም ጤነኛ ነው፤ 25 ፎቶ በአንድ ሰከንድ ሲደረደር ግን ያቺ ጥቂት ልዩነት መርገብገብ ትሆናለች። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ስሕተቱ ስለሚጎላ፣ የብሌኑ ቁጥር ሲበዛም ቀዳዳው ስለሚጠብ፣ እኔ የሠራሁበት 11 ላይ ይብሳል፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚንቀሳቀስ ምላስ ስለሌለ ይጠፋል።

ጋሼ ከመሳቢያቸው የ1970ዎቹን ባለ 28 ሚሊ ሜትር ኒኮር፣ ብሌኑ በእጅ ቀለበት የሚጠብብ የኒኮን ሌንስ፣ አውጥተው ሰጡኝ። የቀለበቱ ቀለም ከጣት ብዛት ተልጧል፣ የ8 ቁጥር ግማሿ የለችም። ቀለበቱን ስታዞሩት 11 ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ በአዳፕተር ሲገጠም ብሌኑ እንደ ጠበበ እዚያው ይቆያል፤ እናንተ ካልነካችሁት ማንም አያንቀሳቅሰውም። በቀጣዩ ዓመት ደመራን በእርሱ ሠራሁ፤ ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው መርገብገብ አላየሁበትም።

እንግዲህ ቅሬታዬን ልናገር። ቀለበት ያለውን ሌንስ «ኋላ ቀር» እያልን ልጆቻችንን ያሳፈርናቸው እኛው አሠልጣኞች ነን፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አለን! ልጁ የአባቱን ሌንስ በማይረባ ዋጋ ይሸጣል፣ ተበድሮ አዲስ ይገዛል፣ ዕዳውን በሠርግ ሥራ ከፍሎ ሳይጨርስ ሌላ ወጣ ይባላል። መርገብገቡን ኮምፒውተር ያስተካክለዋል የሚሉኝ አሉ። የሚያለዝቡ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ፣ ተጠቅሜባቸዋለሁም፤ ነገር ግን በቀን አንድ ቀለበት በማዞር የሚቀረውን በሽታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ እንድታክሙ ማን ፈረደባችሁ?

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች አላበዛም። ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር፣ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ጥቁር መስታወት፣ ብርሃኑን ወደ ሺህኛ ያህል ስለሚቀንሰው በቀን ፀሐይ ሹተሩን ሁለት ሰከንድ ያህል ለመክፈት ያስችላል፤ ያን ጊዜ የሚሄደው ሰው በፊልሙ ላይ አይዘልም። የትራይፖዱን መሐል ዘንግ አትምዘዙት። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል፤ የምሽቱን ለውጥ አስቀድማችሁ በሌላ ቀን ተለማመዱት።

የጋሼ 28 ሚሊ ሜትር ከነአዳፕተሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከተመራቂዎቹ ዘንድሮ ደመራን በታይም ላፕስ መሥራት የሚፈልግ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ፤ እስከ መስከረም 20 ይዞት ይቆያል። ፈላጊው ከበዛ በዕጣ ይሁን። ቀለበቷን ግን ዘይት አታስነኩብኝ።

አመሰግናለሁ።