«ኤቭሪዋን» ስንት ሰው ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከባሕር ዳር ነው የማወራችሁ። የዛሬው ጉዳዬ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። ለብዙ ሰው ደረቅ ነው፤ እኔ ግን ሳስጠና በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ኤቭሪዋን ሁሉም ሰው ማለት ከሆነ፣ ለምን ኤቭሪዋን ዌር አይባልም? ለምን ዋዝ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «ዋዝ» ለነጠላ፣ «ዌር» ለብዙ ቁጥር ነውና። እኛ «ሁሉም መጣ»ም «ሁሉም መጡ»ም እንላለን፤ ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ጋ ፍንክች አይልም።

ቃሉን ራሱን እዩት። መጨረሻው «ዋን» ነው። ሰምዋን፣ ኤኒዋንም እንደዚያው። ኖባዲ በ«ባዲ»፣ ኤቭሪቲንግ በ«ቲንግ» ያልቃሉ። ሁሉም ነጠላ ስም ይዘዋል፤ ግሡም የሚከተለው እሱን ነው። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ላይ ስትወጡ ባለጀልባው እንዴት ነው የሚቆጥራችሁ? አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ። ኤቭሪዋንም ሰውን የሚያየው እንደዚያ ነው። ኢች (እያንዳንዱ)፣ ኢዘር (ከሁለቱ አንዱ) እና ኒዘርም (ከሁለቱ አንዱም ያልሆነ) እዚሁ ይገባሉ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ኦፍ» ስትመጣ ነው። «ኢች ኦፍ ዘ ቦትስ ዋዝ ኒው» (ከጀልባዎቹ እያንዳንዱ አዲስ ነበር)። «ቦትስ» ከግሡ አጠገብ ስለተቀመጠ ጆሮ ወደ «ዌር» ይጎትታል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችንም እዚህ ጋ ያሳስታቸዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼን «ኦፍ ዘ ቦትስ» የሚለውን በጣታችሁ ሸፍኑት እላቸዋለሁ። የሚቀረው «ኢች ዋዝ ኒው» ነው። አለቀ።

ቦዝ (ሁለቱም)፣ ፊው (ጥቂት)፣ ሜኒ (ብዙ)፣ ሰቨራል (በርካታ) ችግር የለባቸውም። ሁሌም ብዙ ቁጥር ናቸው።

ኦል (ሁሉም)፣ ሰም (የተወሰነው) እና ሞስት (አብዛኛው) ላይ ግን ጣታችሁን አንሱ። እዚህ ከ«ኦፍ» በኋላ ያለው ነው የሚወስነው። ከዘጌ ሳንወጣ፣ ስለ ቡናው ስታወሩ «ኦል ኦፍ ዘ ኮፊ ዋዝ» ነው። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ከሆነ «ኦል ኦፍ ዘ ቸርችስ ዌር»። ቡና አይቆጠርም፣ ቤተ ክርስቲያን ይቆጠራል። እኔ የምወደው ምሳሌ ደግሞ የጣና ዓሣ ነው። ሳህን ላይ ተጠብሶ ከቀረበው አብዛኛው ከተበላ «ሞስት ኦፍ ዘ ፊሽ ዋዝ» እላለሁ። ሐይቁ ውስጥ ስለሚዋኙት ከሆነ «ሞስት ኦፍ ዘ ፊሽ ዌር»። ፊሽ የሚለው ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው የተናጋሪው ሐሳብ ነው። ይሄን ሸምድዶ ማወቅ አይቻልም፤ ማሰብ ይፈልጋል።

«ነን» (አንዱም፣ ምንም) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዳንዶች ሁሌም ነጠላ ነው ብለው ያስተምራሉ። አልስማማም። ጥሩ ጸሐፊዎች ለዘመናት «ነን ዌር» ሲሉ ኖረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኤቭሪዋን ዋዝ ኢን ሂዝ ሲት» (ሁሉም በመቀመጫው ነበር) የሚለው የድሮ አገላለጽ ያስከፋኛል፤ «ሂዝ» የወንድ ነውና። ግማሹ ክፍል ሴት ልጆች ናቸው እኮ! «ኢን ዜር ሲት» በሉ። «ዜይ» (እነሱ) እና «ዜር» (የእነሱ) ለአንድ ሰው ማገልገል የጀመሩት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የትናንት ፋሽን አይደለም። ብቻ «ዜር» ስላላችሁ ግሡን «ዌር» እንዳታደርጉት። ግሡ «ዋዝ» እንደሆነ ይቆያል።