ድቡልቡል አዚፋ፦ የስዊድን የስጋ ኳስ በጾም ቀን

ታምራት፦ እሺ፣ መቅጃው በርቷል። ጤና ይስጥልን፣ ከጅማ ነን። የዛሬው ርዕሳችን የስዊድን የስጋ ኳስ ነው፣ በክሬም ሶስ። ያለ ስጋና ያለ ክሬም።

ሀያት፦ ታዲያ ምኑ ቀረ?

ታምራት፦ ኳሱ! (ሳቅ) ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ። ስዊድኖች የተፈጨ ስጋ በዳቦ ፍርፋሪና በእንቁላል ለውሰው፣ ድቡልቡል አድርገው ይጠብሱታል። ከዚያ ቡናማ የክሬም ሶስ፣ የተፈጨ ድንች፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ማርማላታ።

ሀያት፦ ማርማላታ? ስጋ ላይ?

ታምራት፦ ማርማላታ። ሊንጎንቤሪ ከሚባል ቀይ፣ ኮምጠጥ ያለ የጫካ ፍሬ የሚሠራ።

ሀያት፦ ወላሂ እነዚህ ሰዎች ብርዱ ጎድቷቸዋል።

ታምራት፦ ሰምተሽ ፍረጂ። ታሪኩም ደስ ይላል። ካርል 12ኛ የሚባል ንጉሥ ነበራቸው። በፈረንጆቹ 1709 ፖልታቫ ላይ በሩሲያ ተሸንፎ ወደ ቱርኮች ግዛት ሸሸ። እስከ 1714 እዚያው ቆየ። በፈረንጆቹ 2018 የስዊድን ይፋዊ የትዊተር ገጽ «የስጋ ኳሳችን ንጉሡ ከቱርክ ባመጣው አሠራር ነው» ብሎ ጻፈ። አገሩ ተንጫጫ። የታሪክ ሰዎች ግን ማስረጃው የታለ ይላሉ።

ሀያት፦ ስደተኛ ንጉሥ የምግብ አሠራር ይዞ ሲመለስ! እኔ ብሆን ቡና ነበር የማመጣው።

ታምራት፦ ኧረ ቡና አታንሺ! ባታነሺው ይሻልሽ ነበር።

ሀያት፦ ምን አደረጉት?

ታምራት፦ ከለከሉት።

ሀያት፦ ማን? ስዊድኖች?

ታምራት፦ በ1756። ከዚያ ፈቀዱ፣ ደግመው ከለከሉ፣ ፈቀዱ፣ ከለከሉ። እስከ 1820ዎቹ ድረስ እንዲሁ ነበሩ። ገንዘባችን ወደ ውጭ እየወጣ ነው ነው ነገሩ። ከእገዳው በፊትም ከባድ ቀረጥ ጥለውበት ነበር። ያልከፈለ ሰው ሲኒው ሳይቀር ይወረስበት ነበር።

ሀያት፦ ሲኒ?! ሲኒ ይወረሳል? አንተ፣ ይሄ ፕሮግራም የሚተላለፈው ከጅማ ነው። ጎማ ጮጬ የቡና መገኛ ነን ብለው የሚኮሩ ሰዎች እየሰሙህ ነው። ቡና የከለከለ አገር ምግብ አልበላም። ጨርሻለሁ።

ታምራት፦ አሁንማ በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡት ውስጥ ናቸው።

ሀያት፦ ንስሐ ገብተው ነዋ። ለማንኛውም ርዕስህን ቀጥል፣ እኔ ተቀይሜያለሁ።

ታምራት፦ እሺ፣ ወደ ጾሙ ልግባ። ሁዳዴ ላይ ለእናቴ ሠራሁላት። ሳህኑን አየችው። አሸተተችው። «ይሄ ስጋ ነው» አለች። «ምስር ነው እማዬ።» «ምስር ከሆነ ለምን ስጋ ይመስላል?»

ሀያት፦ (ሳቅ) መልስ አለህ?

ታምራት፦ አፌን ዘጋችው። «ሥጋህ ምስር እየበላ ልብህ ክትፎ ካሰበ፣ ምኑን ጾምከው?» አለችኝ።

ሀያት፦ ልክ ናት እኮ። እኛም ጋ በረመዳን ዋናው ሆድ ብቻ አይደለም።

ታምራት፦ ቆይ፣ የጾም ኬክስ? በሁዳዴ ልደት ሲሆን የጾም ኬክ በልታለች። ኬኩ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ አይመስልም? የጾም ፒዛስ?

ሀያት፦ ኬክ ሌላ ነው።

ታምራት፦ ለምን ሌላ ይሆናል?

ሀያት፦ ሌላ ነው ብያለሁ። በኬክ ማንም ሰው አይፈተንም። በስጋ ይፈተናል።

ታምራት፦ እኔ በኬክ እፈተናለሁ!

ሀያት፦ ያ የአንተ ችግር ነው። ለመሆኑ በላችው?

ታምራት፦ ሶሱን በእንጀራ ጠርጋ በላችው። ኳሶቹን ለታናሽ ወንድሜ ገፋችለት። ስለዚህ ግማሹን አሸንፌያለሁ።

ሀያት፦ ግማሹን ተሸንፈሃል። እሺ፣ በምን ሠራኸው? ሰው አሠራሩን እየጠበቀ ነው።

ታምራት፦ ድፍን ምስር። ክኩ አይሆንም፣ ይሟሟል። ድፍኑ በስሎ ቅርጹን ሳይለቅ ይወጣና ውሃው ጠፈፍ እስኪል ይንጠፈጠፋል። ከዚያ እንጉዳይ ደቅቆ ይከተፍና ከሽንኩርት ጋር ውሃውን እስኪጨርስ ይጠበሳል። ይሄን ሰው ይቸኩልበታል። እንጉዳዩ ውሃ ከያዘ ኳሱ መጥበሻ ላይ ይፈርሳል። ምስሩን ግማሹን ብቻ እፈጫለሁ፣ ግማሹ እንዳለ ይሁን፣ ሲታኘክ ይታወቅ። የእንቁላሉን ቦታ የሚይዘው ተልባ ነው።

ሀያት፦ ተልባ!

ታምራት፦ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ ሦስት ማንኪያ ውሃ። አስር ደቂቃ ሲቀመጥ ይዝለገለጋል፣ ያንን እንደ አንድ እንቁላል ቁጠሪው። ለፍርፋሪው የደረቀ ዳቦ ወይ አጃ። የስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር፣ እነ ኢኬያ እንኳን በፈረንጆቹ 2020 ያወጡት የአትክልት ኳስ የተሠራው ከአተር ፕሮቲን፣ ከአጃ፣ ከድንች፣ ከሽንኩርትና ከፖም ነው። ሂርማታ ገበያ ብትሄጂ ፖሙ ብቻ ነው የሚያስቸግርሽ። ሁሉንም ለውሰሽ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ እንዲጠነክር። ከዚያ ድቡልቡል አድርገሽ በዘይት።

ሀያት፦ ሶሱስ? ክሬም የለም ብለሃል።

ታምራት፦ ሱፍ! ለፍትፍት እንደምናደርገው ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ወፈር ይበል ብቻ። ሁለት ማንኪያ ዱቄት በዘይት ቡናማ እስኪሆን አማስዪ፣ የአትክልት መረቅ ቀስ በቀስ ጨምሪ፣ አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ መጨረሻ ላይ የሱፉን ውሃ። እሳቱ ይቀንስ። ከተንተከተከ ይቋጥራል። ከዚያ ትንሽ ሰናፍጭ።

ሀያት፦ አንድ ደቂቃ። ድፍን ምስር። ሽንኩርት። ሰናፍጭ።

ታምራት፦ አዎ?

ሀያት፦ ይሄ አዚፋ ነው! አዚፋ አድቦልቡለህ ስዊድን ነው ትለኛለህ!

ታምራት፦ አዚፋ ሎሚና ቃሪያ አለው! አይጠበስም!

ሀያት፦ ድቡልቡል አዚፋ። እናትህ በከንቱ ነው የተጨነቀችው፣ ሄደህ ንገራት። ቅመሙስ? ኮረሪማ ነው አይደል?

ታምራት፦ አይደለም። እነሱ የሚጨምሩት ከካሪቢያን አካባቢ የሚመጣ ደረቅ ፍሬ አለ። ሽታው ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ከሦስቱም ቁንጥር ቁንጥር፣ ከቁንዶ በርበሬ ጋር።

ሀያት፦ ጅማ ተቀምጠህ ኮረሪማ አትጨምርም? ከጓሯችን እኮ ነው የሚመጣው!

ታምራት፦ ኮረሪማ ከገባ ክትፎ ክትፎ ይሸታል። ያኔ እናቴ ሶሱንም አትነካውም።

ሀያት፦ እኔ እጨምራለሁ።

ታምራት፦ የራስሽ ላይ ጨምሪ።

ሀያት፦ እጨምራለሁ። ማርማላታውስ? ያ የጫካ ፍሬ እዚህ የለም።

ታምራት፦ የእንጆሪ ማርማላታ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ። ጣፋጩ ይቀንሳል፣ ይኮመጥጣል።

ሀያት፦ አጋም ይሻላል። አጋም ራሱ ኮምጠጥ ያለ ነው። በትንሽ ስኳር ብታፈላው...

ታምራት፦ አጋም... እ። መጥፎ አይደለም። ዘሩ ግን?

ሀያት፦ ታጠልለዋለህ። ሱፍ ያጠለለ ሰው አጋም አያቅተውም።

ታምራት፦ እሺ፣ አጋሙን ተቀብያለሁ። ኮረሪማውን አልተቀበልኩም።

ሀያት፦ በእንጀራ ነው በድንች?

ታምራት፦ በድንች! በተፈጨ ድንች። የሱፍ ውሃ ጠብ አድርገሽበት፣ ጨው...

ሀያት፦ እናትህ በእንጀራ ነው የበላችው።

ታምራት፦ እናቴ ሌላ ናት።

ሀያት፦ ድንችህን አንተ ቀቅል። ቅዳሜ ስትሠራ ጥራኝ፣ እኔ እንጀራዬን ይዤ እመጣለሁ።